የጥፍር ፈንገስ ክኒን፦ ለመጀመር አይቸኩሉ፣ ለማቆም አይዘግዩ

ከአቃቂ ቃሊቲ አልፎ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር በተደረደሩት የገላን ፋብሪካዎች የሚሠራ ሰው እግሩ ከጠዋት እስከ ማታ ከዝግ ጫማ አይወጣም። ሰበታና ሱሉልታ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች የሚውሉት ደግሞ የላስቲክ ቦት አድርገው ከእርጥበት ጋር ነው ኑሯቸው። ላብና ሙቀት የታመቀበት ጫማ ለፈንገስ ይመቸዋል። የአውራ ጣት ጥፍር ጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ ቆይቶም ይፈረፈራል። ሰውየው ቅባት ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ለጥፍር የሚሆን ጠንከር ያለ ነገር» ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ክኒን ይዞ ይወጣል።

ክኒኑ ጥፍር ላይ የሚደርሰው በደም ተጓጉዞ ነው። በመንገዱም በጉበት በኩል ያልፋል፣ ሌሎች የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ያገኛል፣ ይህም ለሳምንታት ወይም ለወራት በየቀኑ ይደጋገማል። አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይጨርሰዋል። ጥቂቱ ግን ይጎዳል፤ ከእነዚህም መካከል ቀድሞ ቢጠየቅና ቢመረመር ኖሮ ጉዳቱ ሊቀርለት የሚችል አለ። የጥፍር ፈንገስ ደግሞ የዛሬ ሳምንት ቢታከም የሚቀር ነገር የለውም። የስኳር ሕመምተኛ ብቻ ችላ ሊለው አይገባም፤ የወፈረ ጥፍር ጎን ለጎን ያለውን ሥጋ አቁስሎ ለእግር ቁስል ሊያጋልጠው ይችላል። እሱም ቢሆን የሚያስፈልገው ፈጥኖ ሐኪም ማየት እንጂ ፈጥኖ ክኒን መግዛት አይደለም።

መጀመሪያ፦ ፈንገስ መሆኑን ያስረግጡ

መልኩ ከተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ ያለበት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ሱሉልታ ላይ የሚሮጡ ልጆች ይህን በእግራቸው ያውቁታል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ጣታቸው ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ይነቀላል፣ ሲበቅልም ወፍሮና ጎብጦ ይመጣል። ይህ ጉዳት እንጂ ፈንገስ ስላልሆነ ሦስት ወር ክኒን ቢወሰድ ምንም አይለውጠውም። ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመምም ጥፍርን ልክ እንደ ፈንገስ ያደርጋል። በጥፍር ላይ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ጥቁር መስመር ካዩ ደግሞ ነገሩ ካንሰር አለመሆኑን ሐኪም እንዲያየው ሳይዘገዩ ይሂዱ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከጥፍሩ ሥር ተፍቆ የሚወጣው ፍርፋሪ በኬኦኤች ፈሳሽ ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ካስፈለገም ካልቸር ይደረጋል፣ ማለትም ፈንገሱ በላቦራቶሪ እንዲያድግ ተደርጎ ይለያል፤ ይኸኛው ውጤቱ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል። ለምርመራው ሲሄዱ ቀድመው ቅባት ወይም ክኒን አይጀምሩ፤ ፈንገሱ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊያስገኝ ይችላል። ካልቸሩ የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የጥፍር ናሙናዎች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ደርማቶፋይት ከሚባሉት የተለመዱት ፈንገሶች በተጨማሪ ካንዲዳና ሌሎች ሻጋታዎችም ተገኝተዋል። ካንዲዳ በተለይ እጃቸው ከውኃ በማይለይ ሰዎች፣ ልብስና ሳህን ሲያጥቡ በሚውሉት የእጅ ጥፍር ላይ ይበረታል። ለደርማቶፋይት ተመራጭ የሆነው ተርቢናፊን ለካንዲዳ ደካማ ነው። እንግዲህ ስሙን ሳያውቁ የተጀመረ መድኃኒት ጉበትን ያለ ጥቅም የሚያደክም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በገላን፣ በሰበታና በሱሉልታ የሚኖር ሰው ከጤና ጣቢያው መጀመር ይችላል። ለገላን ነዋሪ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርቡ ነው። የቆዳ ስፔሻሊስት ካስፈለገ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመውና ዛሬ የቆዳ ሕሙማን ከየአገሩ የሚላኩበት አለርት ሆስፒታል አለ፤ ከሰበታ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ላይ ነው።

ቀጥሎ፦ የክኒኑን ስም ይወቁ

«የፈንገስ መድኃኒት» ስም አይደለም። በዚህ ጥላ ሥር ጠባያቸው በጣም የተለያየ መድኃኒቶች አሉ።

ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይወሰዳል፤ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት። ለጤናማ አዋቂ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚያስቀድሙት ይህን ነው። ኢትራኮናዞል በሁለት መንገድ ይታዘዛል፦ አንዱ 200 ሚሊ ግራም በየቀኑ ለ12 ሳምንት፣ ሌላው 200 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለአንድ ሳምንት ብቻ ተወስዶ ሦስት ሳምንት እረፍት የሚደረግበት ነው። በሁለተኛው መንገድ የታዘዘለት ሰው እረፍቱን እንደ መርሳት ቆጥሮ በተከታታይ ከዋጠው፣ ያልታሰበለትን መጠን ወሰደ። ሐኪምዎ «በወር አንድ ሳምንት» ካሉ በደንብ አስጽፈው ይያዙ። ፍሉኮናዞል በሳምንት አንዴ ይወሰዳል፤ ብዙ ወር ይፈጃል። ግሪሲዮፉልቪን በአገራችን የልጆችን የራስ ቆረቆር ለማከም የቆየ መድኃኒት ነው፤ ለእግር ጥፍር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ የሚያድነውም ጥቂቱን ነው። የተሻለው እያለ ለእግር ጥፍር እሱን መጀመር አይታየኝም።

አንዱን ለይቼ ላንሳ፦ ኬቶኮናዞል ክኒን። በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲታገድ መከረ፤ የአሜሪካው ኤፍዲኤ ደግሞ ለጥፍርና ለቆዳ ፈንገስ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ ምክንያቱ የጉበት ጉዳት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያውን ደገመው፤ ለጥፍር ፈንገስ ብሎ የወሰደ ሰው ጉበቱ ተጎድቶ ሞቶ ነበር። ሻምፑውና ቅባቱ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ ስለማይባል ይህ አይመለከታቸውም። ለጥፍርዎ ኬቶኮናዞል ክኒን ከተሰጠዎት ግን አይቀበሉ፣ ሌላ ይጠይቁ።

ሲገዙም ስትሪፑ ተቆራርጦ፣ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው ያልተነበበ ክኒን አይውሰዱ። ድንገት ችግር ቢፈጠር ለሐኪም የሚያሳዩት ያ ስትሪፕ ነው።

ሐኪሙ ፊት ምንም አይደብቁ

ከመመሪያው ሁሉ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። የእነዚህ ክኒኖች አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ ሕመም ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ነው፤ ያንን ደግሞ እርስዎ ካልተናገሩ ማንም አያውቅልዎትም።

ጉበትን እናስቀድም። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት የሚኖር ቫይረስ ነው። ከዚህ በፊት ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ከነበረ፣ ከቤተሰብ በጉበት የታመመ ካለ፣ ይናገሩ። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ ወይም ቢራ ምን ያህል እንደሚጠጡ ሳያሳንሱ ይንገሩ። ጫትም እንደዚያው፤ ሐረር ላይ የተካሄደ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ኮሶም ሆነ ሌላ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ካለ አፍረው አይተዉት። ሐኪም የሚጠይቀው ሊወቅስዎት ሳይሆን ጉበትዎ ስንት ሸክም እንዳለበት ለማወቅ ነው። ጉበቱ አስቀድሞ የታመመ ሰው ተርቢናፊን አይሰጠውም። ኩላሊቱ የደከመም እንዲሁ።

የቲቢ መድኃኒት ላይ ያሉ ሰዎች የጥፍሩን ነገር ይተዉትና ቲቢውን ይጨርሱ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የተርቢናፊንን መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፤ ኢትራኮናዞልን ደግሞ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ሌሎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አይሶኒያዚድና ፓይራዚናማይድ ራሳቸው ጉበት ላይ ይከብዳሉ፤ ዓይን ቢጫ ቢሆን የትኛው እንዳደረገው መለየት ያስቸግራል፣ የቲቢው ሕክምናም ሊቋረጥ ይችላል። ለአንድ ጥፍር ሲባል የሚከፈል ዋጋ አይደለም። የቲቢ መከላከያ የሚወስዱትም ቀድመው ይጠይቁ።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የጥፍሩን ማዘዣ ይዘው መድኃኒትዎን ወደሚወስዱበት ክሊኒክ ይሂዱ። ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት የኢትራኮናዞልን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ኤፋቪሬንዝና ኔቪራፒን ደግሞ ይቀንሱታል። ሌላ ቦታ የሚያክምዎ ሐኪም ይህን እንዲያውቅ ማድረግ የእርስዎ መብትም ጥቅምም ነው፤ ምስጢሩ በሕክምና ክፍል ውስጥ ይቀራል።

የልብ ሕመም ያለባቸው በተለይ ይስሙኝ። በእኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ ቫልቩ የተጎዳ ወጣት ጥቂት አይደለም። ኢትራኮናዞል የልብን የመግፋት አቅም ሊያዳክም ስለሚችል ኤፍዲኤ በ2001 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል፤ ልቡ የደከመ ሰው ለጥፍር ብሎ ፈጽሞ ሊወስደው አይገባም። ቫልቭ ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ፍሉኮናዞልና ኢትራኮናዞል ደሙን ከመጠን በላይ ያቀጥኑበታል፤ ግሪሲዮፉልቪን በተቃራኒው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንስበታል። አንደኛው ለመድማት፣ ሌላው ለደም መርጋት ያጋልጣል።

የስኳር ሕመምተኞች ግሊቤንክላማይድ እየወሰዱ ፍሉኮናዞል ቢጨመርባቸው ስኳራቸው ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ምልክቱ ነው። ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን የሚወስድ ሰው ኢትራኮናዞል አይጨምርበትም፤ ጡንቻ ያቀልጣል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ኢትራኮናዞል ሲጀምር እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ተርቢናፊን ደግሞ አሚትሪፕቲሊንን፣ ፍሉኦክሰቲንንና ሜቶፕሮሎልን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ ኮዴይንና ትራማዶል የሕመም ማስታገስ አቅማቸው እንዲቀንስ ያደርጋል። በሥራ ወይም በዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላ ወርደው ወባ ቢይዝዎት ኢትራኮናዞል ወይም ፍሉኮናዞል ላይ መሆንዎን ለሐኪም ይንገሩ፤ ከአንዳንድ የወባ መድኃኒቶች ጋር ተደርበው የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ።

እርጉዝ የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እናት ለጥፍር ፈንገስ የሚዋጥ ነገር መውሰድ የለባትም። ኢትራኮናዞል ከተጨረሰ በኋላም ሁለት ወር እርግዝና መከላከል ያስፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ሴቷ ከጨረሰች በኋላ አንድ ወር፣ ወንዱ ስድስት ወር መጠበቅ አለባቸው። ይኸው መድኃኒት የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ክኒን ኃይል ይቀንሳል፤ በክኒኑ ተማምና ያረገዘች ሴት ከሁለቱም ወገን ተጎዳች ማለት ነው።

ከመጀመሪያዋ ክኒን በፊት ደም ይስጡ

ማንኛውም መካከለኛ ላቦራቶሪ የጉበት ምርመራ ይሠራል፤ ወረቀቱ ላይ ኤስጂፒቲ እና ኤስጂኦቲ ተብለው የሚጻፉት ናቸው። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ ይሠሩ፣ ውጤቱንም ያስቀምጡት። በኋላ ችግር ቢመጣ ማነጻጸሪያ የሚሆነው እሱ ነው። ኢትራኮናዞል በየቀኑ የሚወስድ፣ ዕድሜው የገፋ፣ የሚጠጣ ወይም ሌላ መድኃኒት ያለው ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድገም። የመጀመሪያው ውጤት ከፍ ብሎ ከተገኘ ክኒኑ ይቆይና ምክንያቱ ይፈለግ።

አወሳሰዱ፣ ጾሙና ጨጓራው

ተርቢናፊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። የኢትራኮናዞል ካፕሱል ግን በደንብ ከተበላ በኋላ ካልሆነ አይሠራም፤ ወደ ደም ለመግባት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ኦሜፕራዞል ይመጣል። በየቤቱ ለጨጓራ የሚዋጠው ይህ መድኃኒት አሲዱን ስለሚቀንስ ኢትራኮናዞሉ ሳይሠራ ያልፋል፤ ሰውየውም መድኃኒቱ አልያዘኝም ብሎ መጠን ይጨምራል። የጨጓራ መድኃኒት ካለዎት ለሐኪሙ ይንገሩና ሌላ ክኒን ይምረጡልዎ። ግሪሲዮፉልቪን ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ይሻለዋል።

ጾም አያስቸግርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ክኒኑን ከጾሙ ማዕድ ጋር፣ ዘይት ከገባበት ሽሮ ወይም ምስር ጋር ሊወስደው ይችላል። በረመዳንም ከአፍጥር በኋላ ይሆናል። ዋናው በየቀኑ ሰዓቱን አለመቀያየር ነው። አንድ ቀን ቢረሱ ባስታወሱበት ሰዓት ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት፣ ሁለት አይደርቡ።

በሕክምናው ወራት መጠጡ ቢቀር ነው የምመክረው። ከግሪሲዮፉልቪን ጋር ደግሞ ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል። ተርቢናፊን ካፌይን ከሰውነት እንዳይወጣ በመጠኑ ስለሚያዘገይ፣ ሦስተኛው ቡና ከወትሮው በላይ እንቅልፍ ከነሳዎት በሁለት ይብቃዎት።

የሚታገሡትና የማይታገሡት

ቀላል ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋት፣ ትንሽ ማቅለሽለሽ ወይም ተቅማጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከሰታሉ፤ በአብዛኛው ራሳቸው ይለቃሉ። ተርቢናፊን አንዳንዴ ጣዕም ያጠፋል፤ ወጡ ጨው ያነሰው፣ እንጀራው ጭድ የሆነ ይመስላል። ይህ ሲጀምር ክኒኑን አቁመው ሐኪም ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ አልፎ አልፎ ግን ከዓመት በላይ ይቆያል፣ ሳይመለስ የቀረበትም ሰው አለ። ማሽተት መጥፋትና የማይገባ ድብርትም እንዲሁ የሚነገሩ ናቸው።

የጉበት ጉዳት በተርቢናፊን ብርቅ ነው፤ ከ50,000 እስከ 120,000 ማዘዣ አንድ ያህል ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው። ምልክቶቹ ምግብ መጥላት፣ ያልተለመደ ድካም፣ ማስመለስ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ሕመም፣ ሰውነት ማሳከክ፣ እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት፣ የነጣ ሰገራ፣ በመጨረሻም የዓይን ቢጫ መሆን ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ካዩ የዚያኑ ዕለት ክኒኑን አቁመው፣ ስትሪፑን ይዘው ጤና ተቋም ይሂዱ። ነገ ይሻለኛል አይበሉ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን በእኛ ዘንድ ስሙ የወፍ በሽታ ነው፤ ሰው ሐኪም ከማየት ይልቅ የሚጠጣ ቅጠል ፍለጋ ይሄዳል፣ ክኒኑንም አያቆምም። የተጎዳ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል፣ ያለፈውም ጊዜ አይመለስም። ቤተሰብዎ የሚወስዱትን ክኒን ያውቅ ዘንድ አስቀድመው ይንገሩ፤ እርስዎ ደክመው ቢተኙ «ይህን ሲውጥ ነበር» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ቆዳ ላይ የሚሰራጭ ሽፍታ፣ በተለይ ከትኩሳት፣ ከአፍ መቁሰል ወይም ከቆዳ መላጥ ጋር ከመጣ፣ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ብቻም ቢሆን ነጭ የደም ሕዋሳት መቀነሳቸውን ሊያመለክት ስለሚችል ደም ይታይ። ኢትራኮናዞል ላይ ሆነው እግር ካበጠ ወይም ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረ፣ ያው ነው፦ አቁመው ይሂዱ።

12 ሳምንት አልቆ ጥፍሩ ካልጠራ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእግር ጥፍር በወር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያድገው፤ ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ከ12 እስከ 18 ወር ይፈልጋል። ክኒኑ በ12ኛው ሳምንት ሲያልቅ ጥፍሩ ገና አስቀያሚ ነው፣ እንደዚያ መሆኑም ይጠበቃል። ተርቢናፊን ካቆሙት በኋላ ለወራት ጥፍሩ ውስጥ ይቆያል፣ መሥራቱንም ይቀጥላል። ስለዚህ «አልጠራም» ብለው ሌላ ስትሪፕ አይግዙ። በየወሩ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር እየገፋ ከመጣ ሕክምናው ሠርቷል። ከሥሩም ታሞ የሚወጣ ከሆነ ሐኪሙ ይወስን። ሁሉም እንደማይድን፣ ከዳኑትም ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ያህል ሊያገረሽበት እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

እንዳያገረሽ ካልሲ በየቀኑ ይቀይሩ፣ ሁለት ጫማ ካለዎት እያፈራረቁ ያድርቁ፣ በፋብሪካ መታጠቢያ ቤት በባዶ እግር አይግቡ፣ ጥፍር መቁረጫ አይዋዋሱ። የተረፈ ክኒን ለጎረቤት አይስጡ፤ የእሱን ጉበት እርስዎ አያውቁትም።

ጉዳት ከደረሰብዎ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩና በመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያው ቢጫ ቅጽ እንዲሞላ ይጠይቁ። ወይም በራስዎ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይደውሉ። የመድኃኒቱን ስም፣ ስትሪፑ ላይ ያለውን የባች ቁጥር፣ የጀመሩበትን ቀንና ምልክቱ የታየበትን ቀን አዘጋጅተው ይያዙ።